ሄፓታይተስ ሲ ላለበት ሰው የጉበት ኢንዛይም ብቻ እየለኩ መቀመጥ ይበቃል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የአጎቴን የምርመራ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ዕድሜያቸው 61 ነው። ለሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ በተደረገ ምርመራ ሄፓታይተስ ሲ ተገኘባቸው፤ ቫይረሱ ራሱ በደማቸው ውስጥ እንዳለም በሁለተኛ ምርመራ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ክትትል በየሦስት ወሩ የጉበት ኢንዛይም መለካት ብቻ ነው። የቅርቡ ውጤት ኤኤልቲ 36፣ ኤኤስቲ 39 ይላል። (ወረቀታችሁ ላይ ኤስጂፒቲ ተብሎ የተጻፈው ኤኤልቲ ማለት ነው፤ ኤስጂኦቲ ደግሞ ኤኤስቲ።) የላቦራቶሪው ጣሪያ 40 ስለሆነ ሁለቱም ከጣሪያው በታች ናቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን ቶሎ ያይና ደህና መሆናቸውን ነግሮ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። እሳቸውም እፎይ ብለው ይመለሳሉ።

እኔ ግን እፎይ ማለት አልቻልሁም። ኢንዛይሙ የሚናገረው በዚያ ሰሞን የጉበት ሴሎች ምን ያህል እየተጎዱ ይዘታቸውን ወደ ደም እንደሚለቁ ነው። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ምን ያህል ጠባሳ እንደተጠራቀመ አይናገርም። በሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ቁጥሩ ሲወጣ ሲወርድ የሚኖር ነው። ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው ሰዎች የአንድ አራተኛው ያህል ኤኤልቲ ለረጅም ጊዜ ከጣሪያው በታች ይቆያል። ከእነዚህ መካከልም ጉበታቸው ውስጥ ከባድ ጠባሳ የተገኘባቸው አሉ።

በአጎቴ ፋይል ውስጥ ሌላ ወረቀት አለ፤ ሲቢሲ የምንለው የደም ቆጠራ። እዚያ ላይ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው) 118 ሺህ ይላል። ትንሹ ጤነኛ ቁጥር 150 ሺህ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊብ ፎር የሚባል ስሌት አለ፤ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ዕድሜን በኤኤስቲ ታባዛላችሁ፦ 61 በ39፣ 2379። ፕሌትሌቱን በኤኤልቲው ስኩዌር ሩት ታባዛላችሁ፦ 118 በ6፣ 708። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉ 3.36 ይመጣል። ከ1.45 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ነገር አነስተኛ ነው፤ ከ3.25 በላይ ከሆነ ግን ጠባሳው የገፋ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። እንግዲህ ኢንዛይማቸው «ደህና» የሆነው አጎቴ ከላይኛው መስመር አልፈዋል ማለት ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መድኃኒት ሳይጀመር በየሦስት ወሩ ኢንዛይም ብቻ እየለኩ መቀመጥ ለማን ምን ይጠቅማል? የእናንተ ሐኪሞችስ ምን አሏችሁ?

መልሶቹ

ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ የማልስማማበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ቁጥር 1 ከባሕር ዳር የጻፈች እኅት ናት። ለአጎቴ ምሕረት ተመኝታ የእናቷን ታሪክ ነገረችን። እናቷ ለዓመታት ኢንዛይም ሲለኩ ከ40 አልፎ የማያውቅ ቁጥር ይዘው ይመለሱ ነበር። ችግሩ የታወቀው ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ቀሚስ አልበቃ ሲላቸው ነው። ፕሌትሌት ደም ለማርጋት እንደሆነ እንጂ ከጉበት ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንዳልገባት ጽፋ ማብራሪያ ጠየቀች።

ቁጥር 2 በላቦራቶሪ ሙያ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ከክሩ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ የእሱ መልስ ነው። ለቁጥር 1 ሲያስረዳ ጉበት ጠባሳ ሲይዝ ከአንጀት የሚመጣው ደም እንደ ልቡ ማለፍ እንደሚያቅተው፣ ግፊቱም ወደ ጣፊያ ተመልሶ ጣፊያን እንደሚያሳብጥ፣ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ፕሌትሌትን ይዞ እንደሚያስቀር ገለጸ። በዚያ ላይ ፕሌትሌት እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን በብዛት የሚሠራው ጉበት ራሱ ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ ዝም ባለበት ጊዜ እንኳን የፕሌትሌት መቀነስ ሊናገር ይችላል።

ቀጥሎ ግን ወደ እኔ ዞሮ ቁጥሮቹን ከማመኔ በፊት ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ጠይቄ እንደሆነ ጠየቀኝ። በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ የተቀዳ ወይም ቱቦው የተናጠ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። በሴንትሪፊውጅ ከዞረ በኋላ ከላይ የሚቀረው ሴረም የገለባ መልክ ሊኖረው ሲገባ ቀላ ብሎ ይታያል። በቀይ ሴል ውስጥ ኤኤስቲ ስላለ ቁጥሩ ያለ ጉበት ጥፋት ከፍ ይላል። ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ናሙና ጥሎ እንደገና ይቀዳል፤ የቸኮለው ግን መዝግቦ ያልፈዋል። ፕሌትሌትም የራሱ ወጥመድ አለው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው ኬሚካል በአንዳንድ ሰዎች ደም ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ማሽኑ የተጣበቁትን ስለማይቆጥር ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ይላል። በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ መታየት እንዳለበት መከረኝ። አሠራነው፤ መጣበቅ አልነበረም፤ ዳግመኛ ቆጠራው 121 ሺህ ሆነ። ስሌቱ 3.28 ይመጣል። ያው ከመስመሩ በላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው ሰው ከአንድ ላቦራቶሪ ወደ ሌላ እየተዘዋወሩ ማስለካትን አጥብቆ ተቃወመ። ጣሪያው እንደየላቦራቶሪው ይለያያል፤ አንዱ ጋ 38 ሆኖ ሌላው ጋ 44 ቢሆን በሽታው ተባባሰ ማለት አይደለም። 40 የሚለውም ጣሪያ ራሱ ለጋስ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር በ2017 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ ለወንዶች ከ29 እስከ 33፣ ለሴቶች ከ19 እስከ 25 ያለውን እንደ ትክክለኛ ጣሪያ አስቀምጧል። በዚህ ሚዛን የአጎቴ 36 ራሱ ከፍ ያለ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በጨዋነት ሄደ። ቁጥር 3 ግን በቁጣ ገባ። በወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ከተማ ተቀምጦ ስሌት መደርደር ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ባለበት ቦታ የኢንዛይም ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) ራሱ ለወራት እንደሚጠፋ፣ የቫይረስ መጠን ምርመራ ደግሞ በስም ብቻ እንደሚታወቅ ጻፈ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሕዝቡን አስደንግጦ ያለውንም ክትትል እንዲተው ከማድረግ ሌላ ትርፍ እንደሌለው ነገረኝ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሪኤጀንት አልቋል ብሎ ታማሚ የሚመልሰው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ስሌቱ ከዕድሜ፣ ከሁለት ኢንዛይሞችና ከደም ቆጠራ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ውድ ማሽን ለሌለበት ቦታ ነው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው።

ቁጥር 4 እኔን ደግፎ ሲጽፍ ከሚያስፈልገው በላይ ቁጥር 3ን ዘለፈው፤ ዘለፋውን ትቼ ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች የገባው ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽን የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ መጠንንም መለካት ይችላል። የሚያስፈልገው ለዚሁ የተሠራ ካርትሪጅ ነው። ስለዚህ በብዙ ቦታ የጎደለው ካርትሪጁንና ትእዛዙን የሚያመጣ ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

በቁጥር 5 ክሩ አቅጣጫውን ቀየረ። አንድ ወንድማችን የታናሹ ዓይን ቢጫ በሆነ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ብሎ እንደፈረደና አንድ መድኃኒት አዋቂ የእንዶድ ጭማቂ እንዳጠጡት ተረከ። ልጁ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አድሮ ሆስፒታል ሲደርስ ኤኤልቲው ከሺህ በላይ ነበር፤ ተረፈ። ቁጥር 6 ይህን የአባቶችን መድኃኒት እንደ መሳደብ ቆጥራ መድረኩ ፈረንጅ አምላኪ ሆኗል የሚል ረጅም ወቀሳ ጻፈች። ቁጥር 7፣ ፋርማሲስት፣ ለሁለቱም መልስ ሰጠ። ለቁጥር 5 ከሺህ በላይ የወጣ ኢንዛይም በእንዶዱ ብቻ መጣ ለማለት እንደማይቻል፣ ዓይን ቢጫ ያደረገው አጣዳፊ ሄፓታይተስ ራሱ ቁጥሩን እዚያ ሊያደርሰው እንደሚችል አመለከተ። ለቁጥር 6 ደግሞ እንዶድ ልብስ የሚያጠራውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው መርዝነት ስላለው እንደሆነ፣ የተጎዳ ጉበት ላለበት ሰው መስጠት አባትን ማክበር ሊባል እንደማይችል በትሕትና ጻፈ።

የፋርማሲስቱ ሌሎች ነጥቦች ከእንዶዱ ክርክር ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ። ሄፓታይተስ ያለባቸው ሰዎች ፓራሲታሞልን እንደ መርዝ ሲሸሹ ያያል፤ ነገር ግን ለብዙዎቹ በቀን እስከ 2 ግራም ድረስ አስጊ አይደለም፤ ጠባሳው ለገፋበት ሰው እንዲያውም ኩላሊትን ከሚጎዱት እንደ አይቡፕሮፌን ካሉት ይሻላል። በጥርጣሬ መታየት ያለባቸው ሌሎች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች የሆኑት አይሶናያዚድና ፓይራዚናማይድ ኢንዛይምን ሊያስወጡ ይችላሉ። ሌላው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ደግሞ የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶቹን ሶፎስቡቪርንና ዳክላታስቪርን በደም ውስጥ አዳክሞ የሄፓታይተሱን ሕክምና ያከሽፋል። ስለዚህ ሁለቱን ሕክምና አብሮ መጀመር አይገባም። በመጨረሻም በሐረር ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንዳያያዘው ጠቀሰ።

ይህን ማለት አልነበረበትም፤ ከቁጥር 8 እስከ 10 ያለው ሁሉ የጫት ጠብ ነው። አንዱ አያቱ ሰማንያ ዓመት ቅመው እንደኖሩ፣ ሌላው አረቄ እንደሚብስ፣ ሦስተኛው ሁለቱም ሱሰኞች እንደሆኑ ጻፉ። ዘልላችሁ ወደ ቁጥር 11 ብትሄዱ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ቁጥር 11 ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ሰው ነው። ሶፎስቡቪር በአሜሪካ በ2013 መጨረሻ ሲፈቀድ የአሥራ ሁለት ሳምንቱ ዋጋ 84 ሺህ ዶላር፣ አንዷ ክኒን አንድ ሺህ ዶላር ነበረች። የእሱ ኢንሹራንስ የጉበቱ ጠባሳ እስኪገፋ ድረስ አልከፍልም ብሎ መለሰው። በዚያን ጊዜ ብዙ ክፍላተ ግዛት ለድሆች በሚሰጡት የጤና መድንም እንዲህ ያለ ገደብ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ኢንዛይም እየለካ መታመሙን ሲጠብቅ እንደኖረ በምሬት ጻፈ። ኋላ ተፈቀደለትና ዳነ። ዛሬ ኢንዛይሙ 20 ቤት ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ጠባሳው ከመዳኑ በፊት ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ የሚደድርበት ደረጃ) ደርሶ ስለነበር እስከ አሁን በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳል። ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር ስጋት ጨርሶ አይጠፋምና። አጎቴ ጠባሳቸው ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ቢታከሙ ይህ ክትትል ሊታለፋቸው እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። መድኃኒቱ አገር ቤት ከአሜሪካ ይልቅ በርካሽ የሚገኝበትን ምክንያትም አከለ፦ አምራቹ ጊልያድ በ2014 ለሕንድ ፋብሪካዎች ፈቃድ ሲሰጥ ኢትዮጵያን ጨምሮ 91 አገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

ቁጥር 12 ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ለሥራ ልትሄድ የነበረች ልጅ ናት። ታክማ፣ ቫይረሱ እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት በእጇ ይዛ ለጉዞ የጤና ምርመራ ብትቀርብም የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ብቁ አይደለሽም ተባለች። ኤጀንሲው የከፈለችውን አልመለሰላትም። ከሁሉ የከነከናት ማንም ወረቀቷን ለማንበብ አለመፈለጉ ነው። ቁጥር 13 እዚህ ላይ ገብቶ ፖዘቲቭ ከተባለች አልዳነችም ማለት ነው የሚል ፍርድ ሰጠ፤ ኢንዛይሟን አስለክታ እንድታረጋግጥም መከራት። ቁጥር 14 የላቦራቶሪው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጥቶ ሳያውቁ መፍረድ በዚህ መድረክ ላይ እንዲቆም በጠነከረ ቋንቋ ጻፈ። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያሳየው ሰውየው አንድ ጊዜ ቫይረሱ ገብቶበት እንደነበር ነው፤ ከዳነ በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይኖራል። መዳንን የሚወስነው መድኃኒቱ ካለቀ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ የሚደረገው የቫይረስ ምርመራ ነው። ያ ቫይረስ የለም ካለ የለም፤ ኢንዛይም ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም አይችልም። ቁጥር 13 እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ለልጅቷ ግን ይቅርታ ዕዳ አለበት።

ቁጥር 15 ከካይሮ የጻፈ ነው። ግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ሕዝቡን በመርፌ ስታክም መርፌዎቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው በመዘዋወራቸው ሄፓታይተስ ሲ በአገሪቱ እንደተስፋፋ አስታወሰ። በ2018 እና 2019 ደግሞ ሃምሳ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ መርምራ የተገኘባቸውን በነጻ አከመች። እዚያ ታማሚው በኢንዛይም ወረቀት እየተደለለ አልተቀመጠም፤ ቫይረሱ ከተረጋገጠ ወደ ሕክምና ነው የሄደው። ቁጥር 16 ቢልሃርዚያ የሚለውን ቃል ሲያይ አላስቻለውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው እንዳዩ፣ በዚህም ሥራ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት እንደተቀበሉ በኩራት ተረከ። ቁጥር 6 ወዲያው ብቅ ብላ እንዶድ እንግዲህ መድኃኒት ሆነ ወይ ስትል አላገጠች። ይህን ቁጥር 17 በሉት። ለቀንድ አውጣ እንጂ ለሰው እንዳልሆነ እኔው መለስሁላትና ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመንሁ።

ቁጥር 18 የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው፤ በእርጋታ ጽፈው ሁላችንንም በየቦታችን አስቀመጡን። ፊብ ፎር መጠቆሚያ እንጂ የምርመራ ውሳኔ አይደለም፤ ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ስላለ ከ65 በላይ የሆነን ሰው ያለ ጥፋቱ ከፍ ያደርገዋል፣ ከ35 በታች የሆነውን ደግሞ ዝቅ። በአገራችን ፕሌትሌት የሚቀንስባቸው ሌሎች በሽታዎችም አሉ፦ ወባ፣ ካላዛር፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ ቢልሃርዚያ። አፕሪ የሚባለውን ሌላ ስሌት በአጎቴ ቁጥሮች ሠርተው 0.83 አገኙ፤ ይህ ሲሮሲስን ከሚያመለክተው 2 በብዙ ይርቃል። ሁለቱ ስሌቶች ካልተስማሙ የጉበትን ጥንካሬ የሚለካውን ፋይብሮስካን፣ እሱ ከሌለ አልትራሳውንድ ማስደረግ ይገባል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ሕክምናው ይህን መጠበቅ እንደሌለበት አሰመሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ያለበት አዋቂ ሁሉ፣ ጠባሳው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ኢንዛይሙ ከፍም ይበል ዝቅ፣ እንዲታከም ይመክራል።

ዶክተሩ ኢንዛይም ጨርሶ አይረባም ወደሚለው እንዳንሄድም ከለከሉን። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሄፓታይተስ ቢ መመርመር ግዴታ ነው። ሁለቱም ቫይረሶች ባሉበት ሰው ሲው ሲጠፋ ቢው ሊያገረሽ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2016 ከባዱን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ ያስለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለው ታማሚ ላይ በሕክምናው መካከል ሲወርድ የነበረ ኤኤልቲ ድንገት ወደ ላይ ከተመለሰ ደወል ነው። ቢ የሌለበት ሰው ኤኤልቲ ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና አራት ሳምንታት ይወርዳል፤ ጠባሳው ካልገፋ በመሃል በተደጋጋሚ ደም መቅዳት አያስፈልገውም።

ቁጥር 3 ይህን አንብቦ ተመለሰ፤ ቁጥር 19 እሱ ነው። ስለ እኔ ያለው አስተያየት አልተለወጠም። ግን የጤና ጣቢያውን መዝገብ ከፍቶ ዕድሜ፣ ኢንዛይምና ፕሌትሌት አንድ ላይ የተጻፈላቸውን ታማሚዎች እንደሚያወጣ፣ ስሌታቸው ከፍ ያለባቸውን አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል ለመላክ እንደሚሞክር ጻፈ። ሪፈር የተጻፈለት ሰው የመኪና መሳፈሪያ የሚከፍልለት ማን እንደሆነ ግን ጠየቀን። መልስ የሰጠው የለም።

ቁጥር 20 ቡና ይጎዳል ወይ የሚል ነው። ዶክተሩ ባጭሩ መለሱ፦ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኢንዛይማቸው ዝቅ፣ ሲሮሲስም አነስ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ስኳሩን ግን ቀነስ። ከዚህ በኋላ የመጡት የደስታ መልሶች ብዛት የክሩን ግማሽ ያህላል፤ ቁጥር አልሰጠኋቸውም።

የመጨረሻው ቁም ነገር በቁጥር 21 የመጣ ነው። ከአዳማ የጻፈ ሰው ሕክምናውን ጨርሶ፣ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ቫይረሱ የለም ተብሎ፣ ነገር ግን ኤኤልቲው 62 ላይ እንደቆመ ገለጸ። ሚስቱ መድኃኒቱ አልሠራም ብላ እንደገና ግዛ እያለች ነው። ዶክተሩ በቁጥር 22 መድኃኒቱን ዳግመኛ እንዳይገዛ ነገሩት። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ከቆየ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፦ በጉበት ላይ የተከማቸ ስብ፣ ስኳር በሽታ፣ መጠጥ፣ ሌላ መድኃኒት ወይም ቅጠል፣ ሄፓታይተስ ቢ። አዲስ የመያዝ አጋጣሚ ከነበረ የቫይረስ ምርመራው ይደገማል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን አይደገም፣ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ነውና። ሰውየው ክብደቱ 97 ኪሎ እንደሆነና ማታ ማታ ሁለት ቢራ እንደሚጠጣ ጻፈ። ዶክተሩ መጀመሪያ ቢራውን ትቶ ከሦስት ወር በኋላ፣ በዚያው ላቦራቶሪ፣ እንዲለካ አዘዙት።